እቴ ዘሃራና የትርንጎ መርዶ

እቴ ዘሃራ መሞታቸውን የሰማሁት በስልክ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ነበር። መርሳ፣ ቤቴ ደጃፍ በርበሬ አስጥቼ፣ ዶሮ እንዳይበትንብኝ አጠገቡ ተቀምጬ ነበር። የደወሉት ልጄ የምትኖርበት የወልድያው መጦሪያ ማእከል ኃላፊ ናቸው። የሳቸው ቁጥር ስልኬ ላይ ሲመጣ፣ ገና ሳላነሳው ልጄ ወድቃ፣ ራሷን ተመትታ፣ ሐኪም ቤት ተኝታ ትታየኛለች።

ኃላፊው ጠባዬን ስለሚያውቁ አስቀድመው «ትርንጎ ደህና ናት» አሉኝ። ከዚያ፣ «ዘሃራ ግን አርፋለች። ሐሙስ ለት ነው። ወደ አገሯ ወስደው በዕለቱ ቀበሯት» አሉ።

«ለትርንጎ ተነገራት?» አልኩ።

«አልነገርናትም። ፈቃድ ወጥታለች ብለናታል። እርስዎም ነገ ሲመጡ እንደዚሁ ይበሏት። እየቆየች ትረሳዋለች።»

ስልኩን ዘጋሁ። ዶሮዋ መጥታ በርበሬውን ስትጭረው ዝም ብዬ አየኋት። ከአራት ዓመት በፊት ቢሆን የኃላፊውን ቃል ደስ ብሎኝ እቀበል ነበር። እንዲያውም ያኔ ውሸቱን ያዘዝኩት እኔ ነበርኩ። እምቢ ያሉኝ ደግሞ እቴ ዘሃራ ናቸው።

ትርንጎ ብቸኛ ልጄ ናት። በሁለት ዓመቷ ከባድ ትኩሳት ይዟት ከዳነች በኋላ የሚጥል በሽታ ጀመራት፤ አእምሮዋም እንደ እኩዮቿ አልሄደም። በአንዳንድ ነገር እንደ ሕፃን ናት፣ በአንዳንዱ ደግሞ ከኔ ትበልጣለች። እስከ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ከዓይኔ ሳላርቅ ቤቴ አኖርኳት። አንድ ቀን ውሃ ልቀዳ ወጥቼ ስመለስ እሳት ላይ ወድቃ አገኘኋት። የግራ እጇ ጣቶች እስከ ዛሬ አይዘረጉም። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የሚባል ነገር ራቀኝ። ባለቤቴ አየለ፣ መንገድ ዳር ጎሚስታ ነበር፣ ጎማ ይጠግናል፤ «ልጄን ለሰው አልሰጥም» አለ። እኔ ነኝ አልቅሼም ለምኜም ማእከሉ ያስገባኋት።

መጀመሪያ ልጠይቃት የሄድኩ ለት እቴ ዘሃራን አየሁ። ረጅም፣ ቀጭን፣ አንድ ጉልበታቸውን እያነከሱ የሚሄዱ ሴት ናቸው። ያኔ ወደ ስድሳው ተጠግተዋል። ከውርጌሳ በላይ ካለ ገጠር የመጡ እስላም ናቸው። የሴቶቹ ክፍል ተንከባካቢ ነበሩ። በሩ ክፍት ሆኖ ሳለ ቆመው አንኳኩ። ከዚያ ልጄን እንዲህ አሏት፦

«ትርንጎ፣ እናትዎ መጥተዋል። ይነሳሉ ወይስ ትንሽ ጋደም ይላሉ?»

ደሜ ፈላ። የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ ያውም በሽተኛ፣ አንቱ ስትባል ሰምቼ አላውቅም። በገዛ ልጄ እየቀለዱባት ነው ብዬ፣ ትልቅ ሴት መሆናቸውን እንኳ ሳላይ፣ «ምን አደረገችዎ ነው በልጄ የሚቀልዱባት?» አልኳቸው።

«ማነው የቀለደ?»

«አንቱ ብለዋት የለ?»

ቀና ብለው አዩኝ። «እታለም፣ እዚህ ግቢ የገባ ሰው ሁሉ አንቺና አንተ ነው የሚባል። ሽማግሌውም፣ አሮጊቷም፣ ሰባት የወለደችውም። ሌላ ነገር ልመልስላቸው ስለማልችል ይችን መለስኩላቸው።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ለኔም ይሻለኛል። አንቱ እያሉ መቆጣት አይመችም። ልቆጣ ስል መሃል ላይ ቁጣዬ ይበርዳል» አሉና ሳቁ።

እኔን ግን አንቺ ይሉኝ ነበር። ልጄን አንቱ፣ እኔን አንቺ። አየለ ይህን ሲሰማ ሳምንቱን ሙሉ ሳቀብኝ። «ከልጅሽ አነስሽ» ይለኝ ነበር።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። ሴቶቹ ሲለብሱ ጀርባቸውን ሰጥተው ይቆማሉ። ልብስ ሲያመጡ አንዱን አያመጡም፤ ሁለት ይዘው «የትኛውን?» ይላሉ። ሌሎቹ ሠራተኞች በዚህ ይናደዱ ነበር፤ ሃያ ሁለት ሴት እየተጠየቀች ስትለብስ ፀሐይ ይወጣል። እሳቸው ግን በሰዓታቸው ይጨርሱ ነበር። ሲሰግዱ ትርንጎ ጫማቸውን ትጠብቅላቸዋለች። «ከርስዎ ጋር ጫማዬ ጠፍቶ አያውቅም» ሲሏት ቀኑን ሙሉ ደረቷን ነፍታ ትውላለች።

አየለ እሑድ እሑድ አብሮኝ ይሄድ ነበር። እኔ መድኃኒቷን እቆጥራለሁ፣ ፍራሿን እዳስሳለሁ፣ ክርኗ ላይ አዲስ ጭረት ካለ እመረምራለሁ። እሱ አጠገቧ ተቀምጦ ጥፍሯን ይቆርጥላታል። ትንሽ ሬዲዮ አምጥቶላት ነበር፤ አንድ ቀን ስታገላብጥ ጥላ ሰበረችው። አየለ ያን ለት ትንሽ ተቆጣት። ስንመለስም መኪና ላይ ሆኖ፣ ምነው ባልተቆጣኋት እያለ መጣ።

ከዚያ በሁለተኛው ሳምንት ሞተ። ጎማ እየነቀለ ሳለ ደረቱን ይዞ ቁጭ አለ፣ አልተነሳም።

ሰልስቱን ሳንጨርስ ዘመዶቼንና ጎረቤቶቼን ሁሉ «ትርንጎ እንዳትሰማ» ብዬ አስማልኩ። ሐኪሟ ድሮ «ድንጋጤ አያግኛት» ብሎኝ ነበር። ያን ቃል እንደ ታቦት ተሸክሜው እዞራለሁ። ለማእከሉ ኃላፊም ሄጄ፣ ጅቡቲ መንገድ ሥራ አግኝቶ ሄዷል እንዲሏት ለመንኳቸው። «ልክ ነዎት፣ እኛም እንደዚያ ነው የምናደርገው» አሉኝ። ሠራተኞቹን ሰብስበው ነገሩ።

እሑድ ስሄድ ወልድያ መናኸሪያ ጥግ ላይ ጥቁሬን አውልቄ ነጭ ነጠላ ለበስኩ። ፀጉሬን ተላጭቼ ስለነበር ሻሼን እስከ ቅንድቤ አጥብቄ አሰርኩት። ትርንጎ «አባዬስ?» አለች። አጥንቼ የሄድኩትን ውሸት ነገርኳት። አመነችኝ። ልወጣ ስል እቴ ዘሃራ ልብስ ከሚሰጣበት ገመድ ጀርባ ጠሩኝ።

«እታለም፣ አላህ ያጽናሽ። ጥሩ ሰው ነበሩ።»

«ቀስ ይበሉ፣ ትሰማለች።»

«ስሚኝ። እኔ አልነግራቸውም። መርዶ የቤተ ዘመድ ነው፣ የኔ አይደለም። ግን ትርንጎ ከጠየቁኝ ጅቡቲ ናቸው አልልም። እናትዎን ይጠይቁ እላቸዋለሁ።»

«ሐኪም ከልክሏል እኮ እቴ ዘሃራ።»

«ሐኪሙ ድንጋጤ ነው የከለከለ። ሐዘን አልከለከለም።»

ከዚያ የጋሽ ይመርን ነገር አወጉኝ። ጋሽ ይመር ዓይናቸው የጠፋ ሽማግሌ ነበሩ፤ እቴ ዘሃራ የወንዶቹ ክፍል ይሠሩ በነበረ ጊዜ እዚያ ይኖሩ ነበር። አንድ እህት ነበረቻቸው፣ በየወሩ ትጠይቃቸዋለች። ሞተች። ይደበቅ ተባለ። እቴ ዘሃራም እንደ ታዘዙት «አሟቸው ነው፣ ይመጣሉ» ይሏቸው ነበር። ሽማግሌው በወር ከሚታደላቸው ሳሙና አንዱን ለእህታቸው እያሉ ትራስ ሥር ያስቀምጣሉ። ሁለት ዓመት አስቀመጡ። አንድ ቀን ከአገራቸው የመጣ ሰው ሳያውቅ «እግዜር ያጥናዎት፣ ሳልደርስ ቀረሁ» አላቸው።

«ያን ለት ሳሙናውን ሁሉ ለጎረቤት አልጋ አደሉ» አሉኝ እቴ ዘሃራ። «ከዚያ አንቺም ታውቂ ነበር? አሉኝ። አዎ አልኳቸው። እስኪሞቱ ድረስ ስሜን ጠርተው አያውቁም። ውሃ ሳቀብላቸው እንኳ ሌላ ሰው ይምጣልኝ ይሉ ነበር። ወላሂ ሁለተኛ አልዋሽም፣ እታለም። ላንቺም ብዬ አልዋሽ።»

አሁን ስጽፈው ያሳፍረኛል። የዚያኑ ቀን ኃላፊው ቢሮ ገባሁ። ይህች ሴትዮ ልጄን ትገድልብኛለች አልኩ። በሳምንቱ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጻፈባቸው፤ ከሴቶቹ ክፍል ተነሥተው ልብስ እጥበት ተመደቡ። ደብዳቤውን ኃላፊው አሳዩኝ። እኔ አራተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት፣ ሆኖም ቀስ ብዬ ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። «የቤተሰብን ፍላጎት ባለማክበር» ይላል። ልቤ አረፈ ብዬ ወጣሁ።

በሚቀጥለው እሑድ እጥበቱ በር ላይ ተገናኘን። መሸሸጊያ አጣሁ። እቴ ዘሃራ እጃቸው በሳሙና አረፋ ተነክሯል። የእጃቸውን አንጓ ዘረጉልኝና፣ «እንዴት ከረምሽ እታለም፣ እጄ እርጥብ ነው» አሉኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ስምንት ወር አለፈ። አዲሷ ተንከባካቢ ክፉ አልነበረችም፤ ግን ሴቶቹን በአንድ ጊዜ ቀስቅሳ፣ በአንድ ጊዜ አልብሳ፣ በአንድ ጊዜ ታስቀምጣለች። ትርንጎ እሑድ ከጠዋት ጀምሮ ዋናው በር አጠገብ ያለው አግዳሚ ላይ ትቀመጣለች። እኔ ስገባ ከኋላዬ ታያለች። በሩ ሲዘጋ ዓይኗን ወደ መሬት ትመልሳለች። ስለ አባቷ መጠየቅ ተወች። ረሳችው ብዬ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ።

አንድ እሑድ እቴ ዘሃራ ከእጥበቱ ቤት ወጥተው መጡ። በተከለከሉት በኩል ነው የመጡት። መዳፋቸውን ከፈቱ። የሬዲዮ ባትሪ ክዳን ነው፣ ጥቁር፣ ጫፉ የተሰበረ።

«ይችን በየሳምንቱ ከትርንጎ ቀሚስ ኪስ አወጣለሁ» አሉኝ። «ልብሱን አጥቤ መልሼ እከታታለሁ። ባለፈው እጥበቱ ድረስ መጥተው፣ ይሄ ከተሠራ አባዬ ይመጣል? አሉኝ። ሬዲዮውን ስለሰበሩ አባታቸው ተቀይመዋቸው የቀሩ ነው የሚመስላቸው። ስምንት ወር ሙሉ ጥፋተኛ ናቸው፣ እታለም። እኔ የምጨምረው የለኝም፤ ደብዳቤውንም ፈርሜ ተቀብያለሁ። ይህን ሳልነግርሽ መቅረት ግን ከበደኝ።»

ክዳኗን ተቀበልኳቸው። ለብ ያለች ነበረች፣ ከእጃቸው ሙቀት። ያጠቡት አንሶላ ክምር ላይ ቁጭ አልኩ። እቴ ዘሃራ ተነሺ አላሉኝም። አጠገቤ ቆመው ሌላውን ልብስ ማስጣት ቀጠሉ።

«እንዴት ብዬ ልንገራት?» አልኩ በመጨረሻ።

«እንደ ሰው።»

ነገሩን ያሰናዱት እሳቸው ናቸው። ኃላፊው ዘንድ አብረን ገባን፤ የከሰስኳቸውም እኔ፣ ይመለሱልኝ ብዬ የለመንኩም እኔ። ኃላፊው ብዙ ካሰቡ በኋላ፣ «እንግዲህ ኃላፊነቱ የርስዎ ነው» አሉኝ። ቀኑ ረቡዕ እንዲሆን ተስማማን። እንደ ደንቡ በጠዋት። የአየለን ታላቅ ወንድም ይዤ ሄድኩ። እቴ ዘሃራ ትርንጎ ቁርሷን በልታ መድኃኒቷን እስክትውጥ አስጠበቁን። ብትወድቅ እንዳትጎዳ ወለሉ ላይ ሁለት ፍራሽ አነጠፉ። እኔ ያላሰብኩትን ሁሉ እሳቸው አስበውታል፤ እኔ ግን ከዚያ ቀን በፊት ብቸኛዋ ጠንቃቃ ሰው እኔ የሆንኩ ይመስለኝ ነበር።

ፊቷ ተቀመጥኩ። እቴ ዘሃራን በዓይኔ ለመንኳቸው።

«አይሆንም» አሉኝ ቀስ ብለው። «ቃሉ ካንቺ አፍ ይውጣ።»

«ትርንጎ፣» አልኩ፣ «አባትሽ ሞቷል። ጅቡቲ አልሄደም። ሞቶ ነው። የዋሸሁሽ እኔ ነኝ።»

«በሬዲዮው አይደለም?» አለች።

«በሬዲዮው አይደለም ልጄ። አሞት ነው። ስለተቆጣሽ ሲጸጸት ነበር።»

ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው። አንድ ሰው እንዲያ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም፤ ስምንት ወር ያቆየችው ነው። እኔ ጭንቅላቷን ልይዝ፣ መድኃኒት ላቀርብ ስነሳ እቴ ዘሃራ ትከሻዬን ተጭነው አስቀመጡኝ። በሽታው ያን ለት አልመጣም። በሦስተኛው ቀን መጣ፣ እንደ ወትሮው መጥቶ እንደ ወትሮው ሄደ።

ከመርዶው ይልቅ የማልረሳው ግን ከዚያ በኋላ የሆነውን ነው። እቴ ዘሃራ በየክፍሉ በር እያንኳኩ፣ «ትርንጎ አባታቸው ሞተውባቸዋል። ለቅሶ መድረስ የሚፈልግ አለ?» አሉ። ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ምንጣፍ ተዘርግቶ ነበር። መጡ። በምርኩዝ የመጣ አለ፣ በተሽከርካሪ ወንበር እየተገፋ የመጣ አለ። እኔ ስሄድ ሁልጊዜ ግድግዳ እያየች የማገኛት፣ ማንም ጠይቋት የማያውቅ ሴት መጣችና የትርንጎን ጉልበት ነክታ፣ «እግዜር ያጥናሽ» አለቻት። ድምፅ እንዳላት እንኳ አላውቅም ነበር። አንድ ሽማግሌ ደግሞ ካባ የለኝም ብለው ብርድ ልብሳቸውን ተደርበው መጥተው ከአየለ ወንድም ጋር በወግ ተቀመጡ። ስለ ዝናብ፣ ስለ ማሽላ ዋጋ አወሩ። የግቢው ሰዎች ዘመናቸውን ሲጠየቁ እንጂ ጠይቀው አያውቁም። ኃላፊውም መጡ። ዳር ላይ ሊቆሙ አስበው ነበር፤ አሮጊቶቹ ቦታ ለቀው አስቀመጧቸው።

እቴ ዘሃራ ወደ ሴቶቹ ክፍል ተመለሱ። ደብዳቤው ግን ከፋይላቸው አልወጣም። ይውጣ ብዬ ሁለት ጊዜ አመለከትኩ። «ተይው እታለም፣ እዚያ ውስጥ ስለኔ የተጻፈ እውነት እሱ ብቻ ነው፤ እውነትም እምቢ ብያለሁ» ይሉኝ ነበር።

የእቴ ዘሃራን ሞት በስልክ በሰማሁ ማግስት እሑድ ነበር። መናኸሪያው ጥግ አልቆምኩም፤ ጥቁሬን እንደ ለበስኩ ገባሁ። ኃላፊው በር ላይ ሲያዩኝ ገባቸው።

«ሊነግሯት ነው?»

«አዎ።»

«ሁለተኛ ሐዘን ነው እኮ። ቢብስባትስ?»

«እኔም ፈርቻለሁ» አልኳቸው። ፈርቼም ነበር።

ትርንጎ አልጋዋ ላይ ነበረች። አጠገቧ ተቀምጬ፣ «እቴ ዘሃራ ሞተዋል» አልኳት። ብዙ ነገር ላክል አስቤ ነበር፤ ሌላው ሁሉ ጠፋኝ።

«መቼ?»

«ሐሙስ።»

በጣቶቿ ቆጠረች፤ በማይዘረጉት ሳይሆን በደህናዎቹ። «ሦስት ቀን ዋሹኝ» አለች። ቀጥላ፣ «ቤታቸው የት ነው?»

«ከውርጌሳ በላይ።»

«ለቅሶ እንሂድ።»

ይህን አልጠበቅኩም። ልጄ ሐኪም ቤት ካልሆነ በቀር ከዚያ ግቢ ከወጣች ዓመታት ሆኗታል። ከግቢው እንዳትወጣ ብዬ በጽሑፍ ያስያዝኩትም እኔው ነኝ። ኃላፊው ወረቀቱን ከፋይል አውጥተው አሳዩኝ። «መንገድ ላይ ብትወድቅ ማን ይጠየቃል?» አሉ። የገዛ ፊርማዬን አየሁት። ትርንጎ በሩ ላይ ቆማ ጫማዋን አድርጋለች፣ ግራና ቀኙን አቀያይራ። ያን ወረቀት ሰርዙልኝ ብዬ ሌላ ፈረምኩ።

መናኸሪያ ሄደን የውርጌሳ መኪና ላይ ከሾፌሩ ኋላ ተቀመጥን። ሲሪንቃን፣ መርሳን ስናልፍ ትርንጎ ግንባሯን መስታወቱ ላይ ደግፋ ታያለች። የአየለ ጎሚስታ የነበረበትን ቦታ አሳየኋት፤ አሁን ሌላ ሰው ይሠራበታል። ከውርጌሳ ባጃጅ እስከሚደርስበት ሄደን የቀረውን በእግር ወጣን። እኔ እጇን አጥብቄ ይዣለሁ። አንድ ጊዜ «አመመኝ» አለችኝ፤ እጇን ነው። ላላ አደረግኩላት።

የለቅሶው ቤት ሴቶች ተነሥተው ተቀበሉን። የእቴ ዘሃራ ታናሽ እህት ትርንጎን አይተው ወደኔ ዞሩና፣ «ሰው ታውቃለች ወይ?» ብለው በሹክሹክታ ጠየቁኝ። ልመልስ አፌን ስከፍት ትርንጎ ቀደመችኝ።

«አውቃለሁ። እቴ ዘሃራን አውቃለሁ። አላህ ያጽናችሁ።»

ሴትዮዋ ደንገጥ ብለው ቆሙ። ከዚያ ትርንጎን አቅፈው ምንጣፉ ላይ አጠገባቸው አስቀመጧት። ወዲያው ለቅሶው እንደ አዲስ ተነሳ። ልጄ ከማያውቋት ሴቶች መሃል ሆና፣ ስለ ሁለቱ ቀሚስ፣ ስለሚጠበቀው ጫማ፣ እቴ ዘሃራ ሲስቁ እንዴት እንደሚስቁ እየተናገረች አለቀሰች። ሴቶቹ እየተቀበሏት አለቀሱ። ስለ እህታቸው የማያውቁትን ነው የምትነግራቸው።

እኔ በሩ አጠገብ ተቀመጥኩ። ፀሐይዋ ማዘንበል ጀመረች። ከውርጌሳ የመጨረሻው መኪና ሊያመልጠን ነው፤ ኃላፊው ከአሥራ ሁለት ሰዓት በፊት ይመልሷት ብለዋል፤ መንገዱ ቁልቁለት ነው። ጎንበስ ብዬ ሄጄ ትከሻዋን ነካሁ።

«ትርንጎ፣ እንነሳ። መሸብን።»

ቀና ብላ አየችኝ። ዓይኗ ቀልቷል፣ አፍንጫዋ ይፈሳል፣ ግን ፊቷ የረጋ ነበር።

«ገና ነኝ» አለች። «አልቅሼ አልጨረስኩም።»

የማታ መድኃኒቷ ቦርሳዬ ውስጥ እንዳለ በእጄ ዳሰስኩና አጠገቧ ተቀመጥኩ።